ባለ ሁለት ንብርብር የክሬም ብልቃጥ በአነስተኛ ወጪ ለማሠራት የአመራረት ዘዴን እንዴት እንምረጥ?

ክሬም፣ የከንፈር ቅባት ወይም የፀጉር ቅቤ አዘጋጅቶ የሚሸጥ አነስተኛ አምራች ወደ ፕላስቲክ ፋብሪካ ሲያመራ፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያቀርበው ጥያቄ «የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ ስንት ነው?» የሚል ነው። ፋብሪካው ይህን በአንድ ቁጥር ሊመልሰው አይችልም፤ ምክንያቱም በዓይን ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ብልቃጦች ፈጽሞ በተለያየ አሠራር የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለ100,000 ፍሬ አዋጭ የሆነው አሠራርም ለ5,000 ፍሬ ሲሆን ኪሳራ ነው። ይህ መመሪያ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ባለ ሁለት ንብርብር ማሸጊያ ለማሠራት ወይም ለማስመጣት ያሰበ አምራች፣ ሞልድ (ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበት ማውጫ) ሠሪውንና ፋብሪካውን ከማነጋገሩ በፊት በምን ቅደም ተከተል ሊያስብ እንደሚገባው ያስረዳል።

ባለ ሁለት ንብርብር ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ክሬሙን የሚይዝ የውስጥ ኩባያና እሱን የሚያለብስ የውጭ ቅርፊት ለየብቻ ተመርተው የሚገጣጠሙበት ሲሆን፣ በመካከላቸው አብዛኛውን ጊዜ ክፍት የአየር ቦታ ይኖራል። ሁለተኛው ደግሞ ሁለቱ ፕላስቲኮች ገና ትኩስ ሳሉ ተጣብቀው አንድ ግድግዳ የሚሆኑበት ነው። በወጪ ረገድ የሁለቱ ርቀት ሰፊ በመሆኑ፣ ከፋብሪካ ጋር ሲነጋገሩ የትኛውን እንደሚፈልጉ ለይተው ይናገሩ።

1. ሁለተኛው ንብርብር ምን እንዲሠራ እንደሚፈልጉ ይወስኑ

መልሱ «ብልቃጡ ወፍራምና ውድ መስሎ እንዲታይ» ከሆነ፣ ተጣብቆ የሚወጣ ግድግዳ አያስፈልግዎትም። ለየብቻ የተሠሩ ሁለት ስስ ክፍሎች ሲገጣጠሙ የሚሰጡት ግርማ ከወፍራም ነጠላ ግድግዳ አያንስም፤ በዋጋም ይረክሳሉ። ፕላስቲክ በሞልድ ውስጥ ለመቀዝቀዝ የሚወስደው ጊዜ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በውፍረቱ ካሬ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር የነበረው ግድግዳ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን የማቀዝቀዣው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅበትን እያንዳንዱን ሰከንድ ደግሞ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

መልሱ «ክሬሙን ከአየር ለመከላከል» ከሆነ ነገሩ ይለያል። ፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም ፒፒ፣ ውኃን በደንብ ቢይዝም ኦክስጅን ቀስ በቀስ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ፒፒን በፒፒ ላይ መደረብ ብዙም አይጠቅምም። ለዚህ ዓላማ የሚውለው ኢቪኦኤች የሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ እርጥበት ሲነካው መከላከያነቱ ስለሚቀንስ በሁለት ሌሎች ንብርብሮች መካከል ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። ይህም ብዙ ማቅለጫዎች በአንድ ላይ የሚሠሩበትን መሣሪያ ይጠይቃል። ነገር ግን ደንበኛው በየቀኑ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ለሚያስገባበት ሰፊ አፍ ላለው ብልቃጥ እንዲህ ያለ ግድግዳ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ አየሩ የሚገባው በአፉ እንጂ በግድግዳው አይደለም። በአየር የሚበላሽ ቅባት ካለዎት ብልቃጡን ትተው ወደ ቱቦ ወይም አየር ወደማያስገባ ፓምፕ መዞር ይሻላል።

ሦስተኛው መልስ ደንበኛው የውስጡን ኩባያ ብቻ እየቀየረ የውጩን ቅርፊት መልሶ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች የግድ ለየብቻ መሠራት አለባቸው።

2. የውስጡን ኩባያ ከክሬሙ አንጻር ይምረጡ

ቅባቱን የሚነካው የውስጡ ኩባያ ነው፤ የውጩ ልብስ ነው። በጀት ሲጠብ ቅናሽ መፈለግ ያለበት ከልብሱ እንጂ ከኩባያው መሆን የለበትም። ለአብዛኛው ክሬም ፒፒ በቂና ርካሽ ነው፤ ዘይትን፣ አልኮልን እና አብዛኞቹን ሽቶዎች በደንብ ይቋቋማል፤ ክብደቱም ለአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 0.9 ግራም አካባቢ በመሆኑ ከሌሎቹ ይቀላል። ውበቱ የሚወደደው አክሪሊክ ግን ብርሃንን 92 በመቶ ያህል የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቢሆንም፣ አልኮል ሲነካው በጥቃቅን መስመሮች ይሰነጣጠቃል። አክሪሊክ የውጭ ቅርፊት፣ ፒፒ የውስጥ ኩባያ የሚሆኑበት ጥምረት በዓለም ዙሪያ የተለመደው ከዚህ የተነሳ ነው።

ትኩስ ሆኖ የሚሞላ ምርት ላላቸው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሆን ሙቀት ነው፤ ሰምና የሺአ ቅቤ ያለበትን ቅባት የሚያዘጋጁ ሰዎችም ድብልቁን ከዚህ ከፍ ባለ ሙቀት ይሞሉታል። የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ቅርጹን መሳት ይጀምራል፤ የእሱ ዘመድ የሆነው ፔትጂም ከ80 ዲግሪ እምብዛም አይዘልም። ፒፒ ግን የሚቀልጠው ከ160 ዲግሪ በላይ በመሆኑ ትኩስ አሞላልን ያለ ችግር ይሸከማል።

ማንኛውንም ሞልድ ከማዘዝዎ በፊት የራስዎን ቅባት በገበያ ላይ በሚገኝ ተመሳሳይ የፒፒ ኩባያ ሞልተው ይፈትኑ። አሥር ያህሉን በሚዛን መዝነው ክብደታቸውን ይጻፉ፤ ከፊሉን በክፍል ሙቀት፣ ከፊሉን በ40 ዲግሪ ሙቀት ለጥቂት ሳምንታት ያቆዩ፤ በየሳምንቱ መልሰው ይመዝኑ። ክብደቱ ከቀነሰ ውኃ ወይም ሽቶ እየወጣ ነው፤ ኩባያው ካበጠ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም የቅባቱ ሽታ ከደከመ ፕላስቲኩ አልተስማማም። በተለይ እንደ ጥቁር አዝሙድ ያለ ብርቱ ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች ይህን ፈተና ሊዘሉት አይገባም።

3. ስንት ሞልድ እንደሚያስፈልግ ይቁጠሩ

ወጪው ከታሰበው በላይ የሚሆነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። «አንድ ብልቃጥ» ተብሎ የታሰበው ዕቃ የውስጥ ኩባያ፣ የውጭ ቅርፊት፣ ጥርስ ያለው የውስጥ ክዳንና የክዳን ልብስ ሲኖረው አራት ሞልድ ይፈልጋል። ከክሬሙ ላይ የምትቀመጠዋ ስስ ክብ ፕላስቲክም አምስተኛ ልትሆን ትችላለች።

የሞልዱ ዋጋ በፍሬ ሲካፈል ምን እንደሚሆን በወረቀት ያስሉ። ለስሌት ያህል ብቻ የአንድ ሞልድ ዋጋ 600,000 ብር ነው እንበል፦ ለ5,000 ፍሬ ሲካፈል በእያንዳንዱ ላይ 120 ብር፣ ለ20,000 ፍሬ 30 ብር፣ ለ100,000 ፍሬ ደግሞ 6 ብር ይጨምራል። ይህንኑ በአራት ሲያባዙት ለ5,000 ፍሬ 480 ብር ይደርሳል። እንግዲህ ሁሉንም ሞልድ የራስ ማድረግ ለጀማሪ የማይቻለው በዚህ ስሌት ነው።

ቁጥሩን ለመቀነስ የሚረዳ፣ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ የንድፍ ውሳኔ አለ፤ እሱም ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ በየትኛው ክፍል ላይ ይሁን የሚለው ነው። ጥርሱ በውጭ ቅርፊቱ ላይ ከሆነ የቅርፊቱ ሞልድ ወደ ጎን የሚከፈቱ ክፍሎች ስለሚያስፈልጉት ይወደዳል። ጥርሱ በውስጥ ኩባያው አንገት ላይ ከተደረገ ግን የውጩ ቅርፊት ተራ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል፤ ሞልዱም በቀጥታ ተከፍቶ የሚዘጋ ቀላል ሞልድ ይሆናል። ክዳኑንም በፒፒ ካሠሩት፣ ፒፒ ተለጣጭ ስለሆነ ጥርሱ ዝቅና ክብ ተደርጎ እስከተነደፈ ድረስ ክዳኑ ከሞልዱ ሳይጠመዘዝ ተገፍቶ ይወጣል፤ ክዳን እየፈተለ የሚያወጣ ውድ ሞልድም አያስፈልግም። እንዲህ ከሆነ ኩባያውንና ክዳኑን በገበያ ካለ ዝግጁ ዕቃ ገዝተው፣ የራስዎን መልክ የሚሰጠውን የውጭ ቅርፊት ብቻ በአንድ ሞልድ ማሠራት ይችላሉ። በእኔ ግምት ለአብዛኛው አነስተኛ አምራች ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው።

4. ከዘዴዎቹ አንዱን ይምረጡ

ትእዛዝዎ በጥቂት ሺህ ፍሬ የሚቆጠር ከሆነ ዝግጁ ድርብ ብልቃጥ ይግዙ፤ ልዩነት የሚፈጥሩት በቀለምና በሕትመት ይሁን። በዚህ መጠን ሞልድ ማሠራት አያዋጣም፤ ስለዚህ ዘዴ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ከዚያ በላይ ሲሆን ከላይ የተገለጸው ጥምረት ይመጣል፤ ዝግጁ ኩባያ ከራስ ቅርፊት ጋር። ቅርፊቱ የሚሠራው ፕላስቲክን አቅልጦ በግፊት ወደ ሞልድ በሚያስገባው የኢንጄክሽን አሠራር ነው። ለዚህ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። የአፉ ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርፊት ወደ 28 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ገጽ አለው፤ ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ቶን መጭመቂያ ኃይል ቢታሰብ ለአንዱ 14 ቶን፣ በአንድ ምት፣ ማለትም ማሽኑ አንዴ ሲገፋ፣ አራት ለሚያወጣ ሞልድ ደግሞ 57 ቶን አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ፋብሪካው ሥራውን በ400 ቶን ማሽን ላይ ሊያስቀምጠው ካሰበ የሚከፍሉት ለማያስፈልግዎት ጉልበት ነው፤ አነስ ያለ ማሽን ያለውን ይፈልጉ።

ለቅርፊቱ የግድ አክሪሊክ መሆን የለበትም። 20 ኩብ ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ የሚፈጅ ቅርፊት በአክሪሊክ ሲሠራ 24 ግራም፣ ፋብሪካዎች ኤስኤኤን ወይም ኤኤስ በሚሉት ጥርት ያለ ፕላስቲክ 22 ግራም፣ በፒፒ ደግሞ 18 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ኤስኤኤን ከአክሪሊክ ይልቅ በዋጋ ቀለል የማለት ልማድ አለው፤ የውስጡን ቅባት ስለማይነካው ለኬሚካል ያለው ድካም ብዙም አያሳስብም። ሆኖም ደንበኛው ቅባት የነካው እጁን ይዞ ስለሚጨብጠው ቅርፊቱንም በቅባቱ ቀብተው መፈተን አይክፋ። አክሪሊክን ከመረጡ ፋብሪካው እንክብሉን፣ ማለትም የሚቀልጠውን ጥሬ የፕላስቲክ ፍሬ፣ ከመጠቀሙ በፊት በ80 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ማድረቂያ ውስጥ እንደሚያደርቀው ያረጋግጡ፤ አክሪሊክ እርጥበት ስለሚስብ ሳይደርቅ ከተቀለጠ ጥርት ያለው ገጽ በብርማ ጭረትና በአየር አረፋ ይበላሻል። ማድረቂያ የሌለው ፋብሪካ ይህን ሥራ መቀበል የለበትም፤ ቢቀበልም እርስዎ አይስጡት።

የውስጡን ኩባያ የሚተካ ሌላ ርካሽ መንገድም አለ። ጥርሱ በውጩ ቅርፊት ላይ እንዲቀር ከተወሰነ፣ ኩባያው ስስ የፒፒ አንሶላ አሙቆ በአየር ስበት ቅርጽ በማስያዝ ሊሠራ ይችላል። የእርጎ ኩባያ በብዛት የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ሞልዱ ከፍተኛ ግፊት ስለማይሸከም ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ ከኢንጄክሽን ሞልድም በብዙ ይረክሳል። የኩባያው ከንፈር በቅርፊቱ ጠርዝና በክዳኑ ንጣፍ መካከል ተጨምቆ ይቀመጣል። ጉድለቱ ኩባያው ስስ ስለሚሆን ጥግና ጥጉ መመርመር የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ደንበኛው ኩባያውን እየቀየረ ለሚጠቀምበት ብልቃጥ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሁለቱን ፕላስቲኮች በአንድ ማሽን ተራ በተራ እየገፋ አንዱን በሌላው ላይ የሚደርበው አሠራር መልኩ ያማረ፣ መገጣጠሚያ ሠራተኛ የማያስፈልገው ነው። ሆኖም ሁለት መግፊያ ያለው ልዩ ማሽንና የሚሽከረከር ሞልድ ይጠይቃል፤ ፕላስቲኮቹም እርስ በርስ የሚጣበቁ ዓይነት መሆን አለባቸው። ለስላሳ ጎማ መሰል ገጽ ካላስፈለገዎት ወይም ትእዛዝዎ በመቶ ሺዎች ካልሆነ ይለፉት። ለጠርሙስና ለቱቦ የሚሆነው፣ ንብርብሮቹ አብረው ተቀልጠው ወጥተው በአየር የሚነፉበት የብሎው አሠራር ደግሞ ሞልዱ ቀላል ቢሆንም የማቅለጫው መሣሪያ ውድ ነው። እንዲህ ያለው መስመር ያለውን ፋብሪካ ማግኘት እንጂ ለአንድ ምርት ብሎ ማቋቋም የሚታሰብ አይደለም።

5. የሁለቱን ክፍሎች መገጣጠም በጥንቃቄ ያሠሩ

ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መጠኑ ግን እንደየዓይነቱ ይለያያል። ፒፒ ከ1 እስከ 2 በመቶና ከዚያም በላይ ሲኮማተር፣ አክሪሊክ ከግማሽ በመቶ ብዙም አይርቅም። ወርዱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍል በ1.5 በመቶ ቢኮማተር 0.75 ሚሊ ሜትር፣ በ0.5 በመቶ ቢኮማተር 0.25 ሚሊ ሜትር ያጥራል። የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ኩባያው ጥብቅ ብሎ በመቀመጡና በቅርፊቱ ውስጥ እየተንቀጫቀጨ በመቅረቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ሞልድ አንዴ ለፒፒ ከተቆረጠ በኋላ «ኤኤስ ረክሶ ስላገኘን በእሱ እንሥራው» የሚል ሐሳብ ከመጣ አይቀበሉ።

ሁለቱንም ሞልድ የሚያሠሩ ከሆነ አስቀድመው የውጩን ቅርፊት ሞልድ ያስጨርሱ፤ ናሙናዎቹን አንድ ሙሉ ቀን አሳድረው በካሊፐር ይለኩ፤ ከዚያ በኋላ የኩባያው ሞልድ ይጠናቀቅ። ሞልድ ሠሪው በመግጠሚያው ቦታ ላይ ብረቱን ሆን ብሎ ትንሽ ትርፍ እንዲተው ይንገሩት፤ ብረት መላግ ቀላል ነው፣ የተላገውን መመለስ ግን በብየዳ ስለሚሆን ውድና አስቀያሚ ነው።

ኩባያውን ከቅርፊቱ ጋር ለማያያዝ ማጣበቂያ አይጠቀሙ። ፒፒ በተራ ማጣበቂያ አይያዝም፤ በአልትራሳውንድ ሞገድ ለመበየድም የተለያየ ዓይነት የሆኑት ፒፒና አክሪሊክ አይዋሐዱም። የሚሻለው በኩባያው ዙሪያ ትንሽ ጉብታ፣ በቅርፊቱ ውስጥ ለሷ የሚሆን ቦይ ሠርቶ ተጭኖ እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህ በእጅ መጭመቂያ ይከናወናል፤ ዕቃው አገልግሎቱን ሲጨርስም ሁለቱን ፕላስቲክ ለይቶ ለመልሶ ጥቅም መስጠት ይቻላል።

እዚህ ላይ ከፍታን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ፈጽሞ የታሸገ ከሆነ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ የተገጣጠመው ብልቃጥ አዲስ አበባ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ኩባያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። እዚህ ታሽጎ ወደ ዱባይ የሚላከው ደግሞ የክዳኑ ሥር ፎይል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በቅርፊቱ ሥር የመርፌ ጫፍ የምታህል መተንፈሻ ቀዳዳ መተው ለክፍት ቦታው መፍትሔ ነው፤ ሞልዱ ውስጥ በትንሽ ሽቦ የሚሠራ ስለሆነ የሚጨምረው ወጪ ኢምንት ነው።

6. ቀለሙንና ጌጡን በርካሹ መንገድ ያውጡ

ቅርፊቱን ጥርት ያለ አድርገው ይተዉት፤ ቀለሙን ለውስጡ ኩባያ ይስጡ። ለኩባያው ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ማስተርባች የተባለ ቀለም የበዛበት እንክብል ከዋናው እንክብል ጋር ሲደባለቅ ቀለም ይይዛል፤ ነጩ ለክሬም፣ አረንጓዴው ለእሬት ጄል እያሉ በአንድ ሞልድ ብዙ ምርት መለየት ይቻላል። ቅርፊቱን በቀለም መርጨት ወይም በብረት ጭስ ማልበስ ተጨማሪ ሥራና ተጨማሪ ብልሽት ያመጣል። ለጽሑፉ በሲልክ ስክሪን የሚታተም አንድ ቀለም በቂ ነው።

በጥቅም ላይ የዋለ ፕላስቲክ ተፈጭቶ የሚገኘውን ርካሽ እንክብል ለውስጡ ኩባያ ፈጽሞ አያስገቡ፤ ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ አይታወቅምና። ቀለም ለተቀባ ወይም ብርሃን ለማያሳልፍ የውጭ ቅርፊት ግን ሊያገለግል ይችላል። መዋቢያዎች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ ለኩባያው እንክብልም ሆነ ለማስተርባቹ ከምግብ ጋር ለመነካካት የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ የአቅራቢ ሰነድ ጠይቀው በፋይል ያስቀምጡ። ድርብ ብልቃጥ 30 ሚሊ ሊትሩን 50 አስመስሎ ስለሚያሳይ፣ የተጣራውን መጠን በውጩ ቅርፊት ላይ በሚነበብ ፊደል መጻፍ ደግሞ የደንበኛ መብት ነው።

7. ዋጋውን ተነጣጥሎ እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ

ከፋብሪካው የሚቀበሉት የዋጋ ማቅረቢያ የፕላስቲኩን ዓይነት፣ የእያንዳንዱን ክፍል ክብደት በግራም፣ ሞልዱ በአንድ ምት የሚያወጣውን ብዛት፣ አንዱ ምት የሚፈጀውን ሰከንድ፣ የሞልዱን ብረት ዓይነትና ዝቅተኛውን የትእዛዝ መጠን ለየብቻ ማሳየት አለበት። ግራሙንና ሰከንዱን ካወቁ የጥሬ ዕቃውንና የማሽኑን ወጪ ራስዎ መገመት ስለሚችሉ ድርድሩ በመረጃ ላይ ይቆማል። የሞልዱ ባለቤት ማን እንደሆነና ሥራው ሲያበቃ ማውጣት እንደሚቻል በውል ይጻፍ። ቃል ብቻ ከሆነ ሞልዱ እዚያው ይቀራል።

እንክብሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ቀኑ ይጠቀስ። ከቻይና የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ ባዶ ብልቃጥ ቀላል ግን ቦታ የሚፈጅ ዕቃ በመሆኑ የጭነት ክፍያው በክብደት ሳይሆን በስፋት እንደሚሆን አይርሱ። 7 በ7 በ5.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ብልቃጥ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ምንም ክፍተት ሳይኖር ቢደረደር እንኳ ከ3,700 ብዙም አይበልጥም፤ ካርቶኑ ሲታሰብ ቁጥሩ የበለጠ ይወርዳል። ኩባያና ቅርፊት ወደ ታች ጠበብ ብለው ከተነደፉ ግን ሳይገጣጠሙ አንዱ በሌላው ውስጥ ተደራርበው ይመጣሉ፤ መገጣጠሙም እዚሁ በእጅ ይከናወናል።

8. ናሙናውን ሳይፈትኑ ሙሉውን ትእዛዝ አያጽድቁ

ሞልዱ በአንድ ምት አራት የሚያወጣ ከሆነ ከአራቱም ቦታ የወጡ ናሙናዎች ለየብቻ ምልክት ተደርጎባቸው ይምጡ፤ ብዙ ጊዜ ችግር ያለበት አንዱ ብቻ ነው። ኩባያዎቹን ከቅርፊቶቹ ጋር እያፈራረቁ ይግጠሙ። የራስዎን ቅባት ሞልተው ክዳኑን ይዝጉና ለ24 ሰዓት ገልብጠው በነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ ወረቀቱ ላይ የቅባት ጠብታ ከታየ ጥፋቱ በአብዛኛው የክዳኑ ንጣፍ ወይም የአፉ ጠርዝ ነው። ሙሉውን ብልቃጥ ከአንድ ሜትር ከፍታ ወደ ሲሚንቶ ወለል በሥሩ፣ በጎኑና በክዳኑ በኩል ይጣሉት። አክሪሊክ ቅርፊት ፕላስቲኩ ከገባበት ነጥብ ጀምሮ ከተሰነጠቀ፣ ሞልዱን ከመቀየር በፊት የሞልዱን ሙቀትና የአገፋፉን ፍጥነት እንዲያስተካክሉ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይፈታል።

ካጸደቁት ናሙና ሁለት ፍሬ ወስደው በሁለቱም ላይ ይፈርሙ፤ አንዱን ለፋብሪካው ይስጡ፣ ሌላውን ራስዎ ያስቀምጡ፤ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ከእሱ ጋር እየተነጻጸረ ይቀበላል። ትእዛዙን ሲያስገቡም ኩባያና ክዳን ከቅርፊቱ ጥቂት በመቶ አብልጠው ይዘዙ፤ በአሞላል ጊዜ የሚባክኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።